አሮጌ ዴስክቶፕ፣ አዲስ ሊኑክስ፣ ስሙ ያልተጻፈ ቺፕ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የኖረውን መደበኛ ድጋፍ አቋረጠ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል ከሆነ በአመዛኙ ከ8ኛው ትውልድ ወዲህ የመጣ መሆን አለበት። ከ2010 ዓ.ም. በፊት የተሠሩ ዴስክቶፖች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከዚህ መስፈርት ውጭ ናቸው። በሀብታም አገር መፍትሔው አሮጌውን አስወግዶ አዲስ መግዛት ነው። በአሶሳ ግን ሰው ገና የሚሠራ ኮምፒውተር አይጥልም፤ ሊጥልም አይገባም።

ለእነዚህ ማሽኖች የቀረው ሁነኛ በር ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ነው። ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ እትም ከተጫነባቸው፣ ሞኒተራቸው ተነቅሎ አንድ ጥግ ላይ ቢቀመጡ እንኳ የቤት ሰርቨር ሆነው ያገለግላሉ፤ የቤተሰቡን ፎቶ ይጠብቃሉ፣ የተማሪውን መጻሕፍት ያከማቻሉ፣ ፊልም ያሰራጫሉ። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው በፕሮሰሰሩ ወይም በራሙ ሳይሆን በአንዲት ትንሽ የዩኤስቢ ዋይፋይ አዳፕተር ነው። ዊንዶውስ ላይ ያለ ችግር ስትሠራ የኖረችው አዳፕተር ሊኑክስ ላይ ዝም ትላለች፤ ወይም ለአሥር ደቂቃ ሠርታ ትጠፋለች። ባለቤቱም ተበላሽታለች ብሎ ሌላ ይገዛል፣ ሁለተኛዋም እንደ መጀመሪያዋ ትሆናለች፣ በመጨረሻ ጥፋቱ ወደ ሊኑክስ ይዞርና ማሽኑ ድጋፍ ወደሌለው ዊንዶውስ ይመለሳል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ አብዛኛውን ጊዜ አዳፕተሯ አልተበላሸችም፤ ምን ዓይነት ቺፕ እንደያዘች የጠየቀ ሰው ግን የለም። ቺፑን ሳያውቁ የሚደረግ ጥገና የትም ቦታ ገንዘብ ያባክናል፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በአሶሳ ለሚኖር ሰው ደግሞ ሳምንታትንም ያባክናል።

ርቀቱን ሳይረዱ የቤት ሰርቨር በአሶሳ ለምን እንደሚያስፈልግ መረዳት አይቻልም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ዋና መንገድ በባምባሲ፣ በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምቴ ያልፋል፤ በምዕራብ ወለጋ የጸጥታ ችግር ምክንያትም በተደጋጋሚ ሲዘጋ ቆይቷል። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት የምዕራብ ኦሮሚያ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 23 ቀን ደግሞ የመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንታት ያህል ቆየ። እንዲህ ያለውን ጊዜ ያየ ሰው ከውጭ የሚመጣው መስመር ሲዘጋ ግቢው ውስጥ የሚቀር ዕውቀት እንዲኖረው ቢፈልግ አይፈረድበትም። ኪዊክስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ቅጂ ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ይመዝናል፤ 15 ሺህ ገደማ መጣጥፎች ያሉት የአማርኛው ግን በአንዲት ፍላሽ ተይዞ ይዞራል። ኮሊብሪ የተባለውም እንዲሁ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርቶችን በቤት ውስጥ ኔትወርክ ያሰራጫል። አንድ ጊዜ ወርደው ሰርቨሩ ላይ ከተቀመጡ ግቢው ውስጥ ያለ ስልክ ሁሉ ያለ ዳታ ፓኬጅ ያገኛቸዋል።

ሰርቨር ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ ስለዚህ በኬብል ይገናኝ የሚል ምክር የተለመደ ነው። ትክክለኛ ምክርም ነው፤ ራውተሩና ሰርቨሩ አንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑ ይህን ጽሑፍ ከዚህ በላይ ማንበብ ሳያስፈልግ ኬብሉን መሰካት ይበቃል። ነገር ግን በአሶሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ራውተሩ ያለው ብዙ ጊዜ አከራዮቹ በሚኖሩበት ዋናው ቤት ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ተከራዩ ባለበት ሰርቪስ ቤት። ግድግዳ መብሳት አይፈቀድም። ቢፈቀድ እንኳ በግቢው አየር ላይ የተዘረጋ ረጅም የመዳብ ኬብል በክረምቱ መብረቅ ጊዜ ራውተሩንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። የአሶሳ ዝናብ ከሚያዝያ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት እንደሚዘልቅ የሚያውቅ ሰው ዋይፋይን ቢመርጥ በቂ ምክንያት አለው።

አሁን ወደ ቺፑ። በሊኑክስ ተጠቃሚዎች ዘንድ ዝናዋ የገነነ አንዲት የቲፒ-ሊንክ አዳፕተር አለች፤ ቲኤል-ደብሊውኤን722ኤን ትባላለች። ተነቃይ አንቴና አላት። የመጀመሪያው ቨርዥን ኤአር9271 የተባለ የአቴሮስ ቺፕ ነበረው፤ ድራይቨሩ፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል አካል ስለሆነ እንደተሰካች ትሠራለች፤ ቺፑ ውስጥ የሚሮጠው ሶፍትዌር (ፈርምዌሩ) ምንጭ ኮዱ ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ተለቋል። ከዚያ ሁለተኛው ቨርዥን መጣ። ስሟ ያው፣ ቅርጿ ያው፣ አንቴናዋም ያው፤ በሆዷ ግን አርቲኤል8188ኢዩኤስ የተባለ የሪልቴክ ቺፕ ተተክቷል። ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ልዩነቱ ኢምንት ነው። ለሊኑክስ ተጠቃሚ ግን ያቺ አዳፕተር ብዙ ጊዜ ከከርነሉ ውጭ ተፈልጎ የሚጫን ድራይቨር የምትጠይቅ ሌላ ዕቃ ሆነች። ሳይሰኩ ልዩነቱን የሚናገረው ትንሽ የቨርዥን ቁጥር ብቻ ነው። ጓደኛው «ይቺን ግዛ፣ ሊኑክስ ላይ ትሠራለች» ብሎት ከመርካቶ ያስመጣ ሰው ጓደኛውም አልዋሸውም፣ ሻጩም ያልጠየቀውን ዕቃ አልሰጠውም፤ ሆኖም የደረሰው የማይሠራለት ዕቃ ነው።

ይህ አሠራር የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለም፤ የገበያው ጠባይ ነው። አምራቾች በአንድ የሞዴል ስም ሥር እንደየጊዜው ርካሹን ቺፕ ያስገባሉ። ስለዚህ ሊታመን የሚገባው የሞዴሉ ስም ሳይሆን አዳፕተሩ ራሱ የሚናገረው መታወቂያ ነው። ማንኛውም የዩኤስቢ ዕቃ ሲሰካ ለኮምፒውተሩ ሁለት ባለ አራት ቁምፊ ቁጥሮች ይሰጣል፤ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው ነው። ሊኑክስ ላይ «ኤልኤስዩኤስቢ» የምትባለው ትእዛዝ እነዚህን ቁጥሮች ታሳያለች። የምርመራው መጀመሪያ እሷ ናት፤ የሚቀጥለውን ሁሉ የምትወስነውም እሷ ናት።

አዳፕተሩ በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ጉዳዩ የድራይቨር አይደለም፤ ድራይቨር ፍለጋ የሚባክን ሰዓት ሁሉ ከንቱ ነው። መታየት ያለበት ኤሌክትሪኩ ነው። ከዴስክቶፑ ፊት ያሉት ወደቦች በቀጭን ሽቦ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዙና በአቧራ የተጎዱ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከኋላ ባሉት ይሞከር። ዩኤስቢ 2.0 ወደብ 500 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በዚያችው ላይ ማከፋፈያ ሰክቶ የፊልም ሃርድ ዲስክና አዳፕተር አብሮ ማንጠልጠል ሁለቱንም ያስርባል። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ፊልም ሲከፈት ዲስኩ መዞር ይጀምራል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል።

አዳፕተሩ በዝርዝሩ ኖሮ እንደ ዲስክ የሚታይበትም ጊዜ አለ፤ ይህ ብዙ ሰው ያደናገረ ነገር ነው። አንዳንድ የሪልቴክ አዳፕተሮች ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ምቾት ሲባል መጀመሪያ ሲሰኩ ራሳቸውን እንደ ሲዲ ያቀርባሉ፤ የዊንዶውስ ድራይቨራቸው እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። መታወቂያቸው 0ቢዲኤ:1ኤ2ቢ ሆኖ ይነበባል። ወደ ዋይፋይነት የሚለወጡት ከሲዲነታቸው «ሲወጡ» ነው። ሊኑክስ ላይ ይህን የሚሠራው «ዩኤስቢ-ሞድስዊች» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ዲስኩን «ኢጀክት» በማድረግ ብቻ የሚነቁም አሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ፍላሽ ሸጡልኝ ብሎ ቢያስብ አይገርምም።

መታወቂያው በትክክል ከታየ በኋላ ነው የድራይቨር ጥያቄ የሚመጣው። «ዲሜሴጅ» የተባለችው ትእዛዝ ከርነሉ አዳፕተሩን ሲያገኝ ምን እንዳለ ታነባለች። ፈርምዌር አጣሁ ካለ የጎደለው አንድ ፋይል ነው። በዚህ በኩል ነገሩ ከቀድሞው ቀሏል፤ ዴቢያን እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2023 ጀምሮ፣ ከ12ኛው እትም ወዲህ፣ እንዲህ ያሉትን ፈርምዌሮች ከመጫኛው ጋር አብሮ ያቀርባል። ከዚያ በፊት የወረደ አሮጌ የመጫኛ ፍላሽ ይዞ የሚታገል ሰው አዲሱን ቢፈልግ ከብዙ ድካም ይድናል። ከርነሉ ምንም ካላለ ግን ድራይቨሩ ጭራሽ የለውም ማለት ነው፤ ከውጭ መምጣት አለበት።

እዚህ ላይ ነው እንቆቅልሹ የሚከርረው፦ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር ያስፈልጋል፣ ድራይቨሩን ለማግኘት ኢንተርኔት ያስፈልጋል። መፍቻው ግን በየኪሱ አለ። የአንድሮይድ ስልክን በቻርጀር ገመዱ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝቶ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን መክፈት ነው። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል፤ ተጨማሪ ድራይቨር አይጠይቅም። አብዛኞቹ ስልኮች በዚህ መንገድ የሞባይል ዳታቸውን ብቻ ሳይሆን የተገናኙበትን ዋይፋይም ያጋራሉ፤ ስለዚህ ፓኬጅ ሳይነካ ከግቢው ራውተር ማውረድ ይቻላል። አሶሳ ውስጥ ማንም ሰው ሰርቨሩን ተሸክሞ ወደ ኢንተርኔት ቤት መሄድ አይጠበቅበትም።

ከውጭ የሚመጣው ድራይቨር ሌላ ዕዳ ይዞ ይመጣል። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መገንባት አለበት፤ «ዲኬኤምኤስ» የተባለው አሠራር ይህን በራሱ ይሠራል ቢባልም አዲሱ ከርነል ድራይቨሩ የማያውቀው ለውጥ ካለው ይከሽፋል። ሌሊት በራሱ የታደሰ ሰርቨር ጠዋት ያለ ዋይፋይ ይነሣል። ያን ጊዜ ማሽኑን ሲያስነሡ ከሚታየው ዝርዝር የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ኔትወርኩን ይመልሳል፤ ምንም የሚጠፋ ፋይል የለም።

አገራችን ውስጥ ባሉ ብዙ የጥገና ቤቶች ግን መልሱ አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። ትኩሳት ላለበት ሁሉ ደም ሳይመረምሩ የወባ መድኃኒት እንደመስጠት ነው። አንዳንዴ ይሳካል፤ የሚሳካውም ፎርማቱ የቀድሞውን ከርነል ስለመለሰ ነው፤ በሚቀጥለው እድሳት ችግሩ ተመልሶ ይመጣል። በመካከሉ ግን የቤተሰብ ፎቶና የተማሪ ጥናት ጠፍቷል። ይህን አጥብቄ የምለው ጉዳቱ የማይመለስ ስለሆነ ነው፦ ለዋይፋይ ችግር ተብሎ ሰርቨር ፎርማት ሊደረግ አይገባም።

አዳፕተሩ ታውቆ፣ ድራይቨሩ ኖሮ፣ የይለፍ ቃሉም ትክክል ሆኖ «ኢንተርኔት የለም» የሚልበት ሌላ መንገድ አለ፤ ከአዳፕተሩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አሮጌ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለችው፤ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቅ እሷ ናት። ባትሪዋ ከሞተች መብራት ተመልሶ ማሽኑ ሲነሣ ቀኑ ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ደኅንነታቸው የተጠበቀ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የምስክር ወረቀት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ በሰርቨሩ ሰዓት ገና ያልተጻፈ ወረቀት ስለሚሆን ግንኙነቱ ይከለከላል። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ሆኖ ምንም ገጽ አይከፍትም፣ ሶፍትዌርም አይወርድም። ሊኑክስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የማስተካከል ችሎታ አለው፤ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ አይደርስም። ኔትወርክ ሲያስቸግር ቀኑን ማየት ምንም ወጪ የለውም።

መብራቱ ራሱ ሰፊ ርእስ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው አሶሳ ባለችበት ክልል፣ በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ ነው። ኃይል ማመንጨትና ኃይልን ሳያቋርጡ እስከ ቤት ማድረስ ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ የቤት ሰርቨር ያለው ሰው የሚኖረው በሁለተኛው ላይ ነው። መብራት ሲመለስ ብዙ ዴስክቶፖች በራሳቸው አይነሡም፤ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኃይል ሲመለስ ተነሥ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል። የተነሡትም ቢሆኑ ራውተሩ ገና ሳይነሣ ይቀድማሉ፤ ኔትወርክ እስኪያገኙም እየጠበቁ ለደቂቃዎች የቆሙ ይመስላሉ። ቸኩሎ ከዲቫይደሩ መንቀል ዲስኩን ይጎዳል። ትንሽ ዩፒኤስ መግዛት የሚችል ሰው ከአዲስ አዳፕተር ይልቅ እሱን ቢያስቀድም እመርጣለሁ።

የሚቆራረጥ ግንኙነት ሲሆን ደግሞ ቤቱን መመልከት ነው። የዋይፋይ ሞገድ በቀርከሃ ግድግዳ ብዙም ሳይደክም ያልፋል፤ በዚህ ረገድ የአካባቢው ባህላዊ ቤት ከዘመናዊው ይሻላል። በዝናብ የራሰ የጭቃ ግድግዳ ያዳክመዋል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ክፍሎቹ በቆርቆሮ የተከፈሉ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከዴስክቶፑ ጀርባ መሬት አጠገብ የተሰካ አዳፕተር ከሁለት የብረት ግድግዳ ኋላ ተደበቀ ማለት ነው። አንድ ሜትር ተኩል የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝቶ አዳፕተሩን ወደ መስኮቱ ማውጣት ብዙ ጊዜ ከማንኛውም የሶፍትዌር ለውጥ በላይ ይሠራል። ማራዘሚያው ሌላም ጥቅም አለው። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የዩኤስቢ 3.0 ዕቃዎችና ገመዶች በ2.4 ጊጋኸርትዝ አካባቢ የሬዲዮ ጫጫታ እንደሚፈጥሩ አሳይቷል፤ አብዛኛው ርካሽ አዳፕተር የሚሠራው በዚያው ክልል ነው። ከዩኤስቢ 3.0 ሃርድ ዲስክ ጎን የተሰካ አዳፕተር ዲስኩ ሲሠራ ራውተሩን «አይሰማም»። አራርቆ ማስቀመጥ ይበቃል። አዳፕተሩ ሥራ ሲያጣ እንዲተኛ የሚያደርገውን የኃይል ቁጠባም ሰርቨር ላይ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ሰርቨር ማንም ባይጠራውም ነቅቶ መጠበቅ አለበትና።

ከዚህ ሁሉ የሚያስመልጥ አንድ መንገድ አለ፤ ከሚገባው በታች ይታወቃል። ከጥቅም የወጣ ራውተር ወይም የኬብል ወደብ ያለው የዋይፋይ ማራዘሚያ ካለ ዋይፋዩን እሱ እንዲቀበል አድርጎ በአጭር ኬብል ከሰርቨሩ ጋር ማገናኘት ነው። ሰርቨሩ የሚያየው ኬብል ብቻ ነው። ድራይቨር የለ፣ ፈርምዌር የለ፣ ከርነል ቢታደስ የሚጠፋ ነገር የለ፤ ዕቃውም መስኮት ላይ ይቀመጣል። ለሰርቨር የሚሆን ዋይፋይ ከሚመርጥ ሰው ጋር ብመካከር መጀመሪያ የማቀርበው ይህን ነው። አዳፕተር የግድ ከሆነ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያለ ቺፕ ይፈለግ፤ የሚዲያቴክ ኤምቲ7612ዩ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ኤምቲ7921ዩ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ናቸው። ከሪልቴክ ቺፖችም ብዙዎቹ በቅርብ ዓመታት እየገቡ ስለሆነ አዲስ ከርነል ያለው የሊኑክስ እትም መጫን ትናንት ያልሠራችውን አዳፕተር ዛሬ ሊያሠራት ይችላል።

የዚህ ዕውቀት ክፍተት በግለሰብ ትጋት ብቻ አይሞላም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ፕሮግራም የድረ ገጽና የአንድሮይድ ፕሮግራሚንግን፣ የዳታ ሳይንስንና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስን መሠረት ያስተምራል። መልካም ጅምር ነው፤ ግን ኮዱን የሚጽፈው ወጣት ኮምፒውተሩ ከኔትወርኩ ሲለይበት ምክንያቱን የሚለይ ባለሙያ አጠገቡ ያስፈልገዋል። ይህን ባለሙያ ማፍራት የሚችሉት የአሶሳ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅና አሶሳ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ዩኒቨርሲቲዎቻችንን በጋራ መረብ የሚያገናኘው ኢትኧርኔት አለ፤ ዩኒቨርሲቲው የተለመዱትን የዋይፋይ ድራይቨሮች፣ ፈርምዌሮችና የሊኑክስ መጫኛዎች በግቢው ሰርቨር ላይ ቢያስቀምጥና ለከተማው ሰው በፍላሽ ቢያድል፣ የከተማው ጠጋኝ በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ጊጋባይት እየገዛ አያወርድም ነበር። በጀት የሚያስጨንቅ ሥራ አይደለም።

ለነጋዴዎች የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ ከዚህም የቀለለ ነው። የመጣላችሁን አዳፕተር ከአንዱ ሳጥን አውጥታችሁ ሊኑክስ ባለው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ መታወቂያውን አንብቡ፤ የቺፑን ስም በእስክሪብቶ ሳጥኑ ላይ ጻፉ። ገዢዎችም ኡቡንቱ የተጫነበት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሱቁ ውስጥ ያለውን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስኩን ሳትነኩ በፍላሹ አስነሥታችሁ አዳፕተሩ ዋይፋይ ሲያገኝ በዓይናችሁ ሳታዩ አትክፈሉ።